በዋሽንግተን ዙሪያ ድሮን የት ማብረር ይቻላል? ፓርኩ ክፍት ቢሆንም ሰማዩ ዝግ ሊሆን ይችላል

ዒድ በመጣ ቁጥር በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የምንኖር ቤተሰቦች የለመድነው ውሎ አለ። ጠዋት ሶላት ተሰግዶ፣ ዘመድ ተዘይሮ፣ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ልጆች የተሰጣቸውን ስጦታ ይዘው ወደ ሰፈር ፓርክ ይወጣሉ። ከስጦታዎቹ አንዱ ድሮን ቢሆን ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። አባት ሳጥኑን ይከፍታል፣ ባትሪው ተሞልቷል፣ ድሮኗ ሽው ብላ ትነሳለች። የሚያስቆም ሰው የለም፤ «ድሮን ክልክል ነው» የሚል ምልክትም አይታይም። ፓርኩ የሕዝብ ነው።

ነገር ግን ያ ፓርክ የሚገኘው በዲሲ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተን ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ፣ ድሮኗ ከመሬት ስትነሳ የፌዴራል ሕግ ተጥሷል። ድሮኗ የልጅ መጫወቻ መሆኗ፣ ካሜራ የሌላት መሆኗ ወይም ከዛፍ በላይ አለመውጣቷ ይህን አይለውጠውም።

ይህ ጽሑፍ በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ ወገኖች በመዝናኛነት ድሮን ማብረር የት እንደሚቻል፣ የት እንደማይቻልና ከመብረር በፊት ምን መሟላት እንዳለበት ያስረዳል።

ሰማዩ የማን ነው? መሬቱስ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ፈቃድ ብቻ የሚበቃ እየመሰለው ነው። እውነታው ግን በአሜሪካ አንድ ድሮን በሕጋዊ መንገድ ከፓርክ እንዲነሳ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መሟላት አለባቸው።

የመጀመሪያው ሰማዩ ነው። ከመሬት በላይ ያለውን የአየር ክልል የሚያስተዳድረው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍ ኤ ኤ) ነው። ድሮን በየትኛው ሰማይ፣ በምን ያህል ከፍታና በምን ሁኔታ እንደሚበር የሚወስነው ይህ መሥሪያ ቤት ነው።

ሁለተኛው መሬቱ ነው። ፓርኩን የሚያስተዳድረው አካል፣ ማለትም የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት፣ ስቴቱ፣ ካውንቲው ወይም ከተማው፣ በግቢው ውስጥ ድሮን ማስነሳትና ማሳረፍን የሚመለከት የራሱ ደንብ አለው።

ስለዚህ የፓርኩ ሠራተኛ «እዚህ ችግር የለም» ቢላችሁ የነገራችሁ ስለ መሬቱ ነው። በስልካችሁ ያለው የአየር ካርታ «ክፍት ነው» ቢላችሁም የነገራችሁ ስለ ሰማዩ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

የ15 ማይሉ ክበብ

የዋሽንግተን ሰማይ በአሜሪካ ከየትኛውም ቦታ ይበልጥ የተጠበቀ ነው። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ በወጡት ደንቦች መሠረት በከተማዋ ዙሪያ ያለው የአየር ክልል የብሔራዊ መከላከያ የአየር ክልል ተብሏል። መሐሉ በአርሊንግተን የሚገኘው የሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ በዙሪያው ሁለት ክበቦች አሉ፤ አንዱ እስከ 15 ማይል፣ ሌላው ከ15 እስከ 30 ማይል።

በውስጠኛው የ15 ማይል ክበብ ውስጥ ያለ ኤፍ ኤ ኤ ልዩ ፈቃድ ማንኛውንም ድሮን ማብረር ክልክል ነው። ክልከላው ቀንና ሌሊት፣ በሥራ ቀንም በበዓልም ይሠራል።

አሁን የማኅበረሰባችንን ሰፈሮች በዚህ ክበብ ላይ እናስቀምጣቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ናት። በቨርጂኒያ በኩል አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ፣ ፎልስ ቸርች፣ አናንዴልና ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ናቸው። በሜሪላንድ በኩል ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ሃያትስቪል፣ ቤቴስዳና ዊተን ውስጥ ናቸው። በአጭሩ፣ አብዛኛው ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ሰፈሮች በዚህ ክበብ ውስጥ ይገኛሉ። በእነዚህ ሰፈሮች የፓርኩን ደንብ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም፤ ሰማዩ አስቀድሞ ተዘግቷል። የራሳችሁ ቤት ጓሮም ቢሆን ያው ነው።

ድንበሩ አጠገብ የምትኖሩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአቪዬሽን ካርታ የሚለካው በመኪና ማይል ሳይሆን በኖቲካል ማይል ነው። 15 ኖቲካል ማይል በመኪናችን መቁጠሪያ ከ17 ማይል ይበልጣል። ስለዚህ «እኔ 16 ማይል ላይ ነኝ» ብሎ በግምት መሄድ አደጋ አለው። ካርታውን በስልክ አይቶ ማረጋገጥ ይሻላል።

«ድሮኑ ራሱ ይከለክለኝ የለም እንዴ?»

ይህ ጥያቄ ምክንያት አለው። ቀደም ሲል ዲጄአይ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሚሠራቸው ድሮኖች እንደ ዲሲ ባሉ የተከለከሉ ቦታዎች ሞተራቸው አልነሳ ይል ነበር። ኩባንያው በጃንዋሪ 2025 በአሜሪካ ይህን አሠራር አንስቶ በማስጠንቀቂያ ተክቶታል። አሁን በስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ አብራሪው ማስጠንቀቂያውን አልፎ ከሄደ ድሮኑ ይነሳል። ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ በአብራሪው ትከሻ ላይ ወድቋል ማለት ነው። ድሮኑ መነሳቱ የፈቃድ ምልክት አይደለም።

ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ክልል

መልካሙ ዜና ከ15 ማይሉ ክበብ ውጪ በር መኖሩ ነው። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ሁለተኛው ክልል ውስጥ በሚከተሉት ሁኔታዎች ማብረር ይቻላል፦

• ድሮኑ ከ55 ፓውንድ (25 ኪሎ ያህል) በታች መሆን፤
• የተመዘገበና የምዝገባ ቁጥሩ የተለጠፈበት መሆን፤
• ከ400 ጫማ (122 ሜትር ያህል) በታች መብረር፤
• አብራሪው ድሮኑን በዓይኑ ሊያየው በሚችልበት ርቀት መቆየት፤
• አየሩ ጥርት ያለ መሆን፤
• ከሌላ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ፈጽሞ መራቅ።

ለምሳሌ በሜሪላንድ ጌይዘርስበርግና ጀርመንታውን ከውስጠኛው ክበብ ውጪ ናቸው። በቨርጂኒያ ማናሳስም እንዲሁ። ነገር ግን ማናሳስ የራሱ አውሮፕላን ማረፊያ አለው፤ ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የቀረቡ ሰፈሮችም ቁጥጥር ባለበት የአየር ክልል ሥር ናቸው። ቁጥጥር ባለበት ክልል ለመብረር አስቀድሞ ከኤፍ ኤ ኤ ፈቃድ መውሰድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ «ላንክ» በሚባለው ሥርዓት በስልክ መተግበሪያ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ክፍያም የለውም። መተግበሪያው ለዚያ ቦታ የተፈቀደው ከፍታ ዜሮ ነው ካላችሁ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሰማዩ ቢከፈትም መሬታቸው የተዘጋ ፓርኮች

የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በጁን 2014 ባወጣው መመሪያ በሚያስተዳድራቸው ቦታዎች ሁሉ ድሮን ማስነሳት፣ ማሳረፍና ማብረርን ከልክሏል። ቅጣቱ እስከ 6 ወር እስርና እስከ 5,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል።

ይህ ሩቅ አገር ያለ ጉዳይ አይደለም። ብዙዎቻችን ሽርሽር የምንሄድባቸው ቦታዎች የዚህ አገልግሎት ናቸው። በዲሲ ናሽናል ሞል፣ ሮክ ክሪክ ፓርክና አናኮስቲያ ፓርክ፣ በፖቶማክ ዳር ግሬት ፎልስ፣ እንዲሁም በበልግ ቅጠሉ ሲቀላ ቤተሰብ ይዘን የምንወጣበት ሸናንዶዋ ሁሉም ዝግ ናቸው። ሸናንዶዋ ከዲሲ ክበብ በጣም የራቀ ነው፤ መሬቱ ግን ዝግ ነው። የማናሳስ የጦር ሜዳ ፓርክም እንደዚሁ ከ15 ማይሉ ውጪ ሆኖ ሳለ የብሔራዊ ፓርክ በመሆኑ ድሮን አይነሳበትም። ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል ያልነው ለዚህ ነው።

የቨርጂኒያ ስቴት ፓርኮችም ያለ ልዩ ፈቃድ ለድሮን ዝግ ናቸው።

የካውንቲና የከተማ ፓርኮች

የካውንቲና የከተማ ፓርኮች ደንብ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ጨርሶ ይከለክላል፣ አንዱ በተለየ ሜዳ ብቻ ይፈቅዳል፣ ሌላው በጽሑፍ ፈቃድ ያስጠይቃል። የአንዱን ካውንቲ ልምድ ይዞ ወደ ሌላው መሄድ አያዋጣም። ወደ ፓርኩ ቢሮ ደውላችሁ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦

1. ይህን ፓርክ የሚያስተዳድረው ማን ነው? ካውንቲው፣ ከተማው፣ ስቴቱ ወይስ ፌዴራል መንግሥቱ?
2. በመዝናኛነት ድሮን ማስነሳትና ማሳረፍ ይፈቀዳል? የተመደበ ሜዳና ሰዓት አለው?
3. ፈቃድ ካስፈለገ በማን በኩል ይጠየቃል? መልሱን በኢሜይል ልትልኩልኝ ትችላላችሁ?

ሦስተኛው ጥያቄ አይዘለል። በስልክ የተባለ ቃል ማስረጃ አይሆንም። በኢሜይል የመጣ መልስ ግን ፖሊስ ቀርቦ ሲጠይቅ ከስልክ ላይ ከፍቶ ማሳየት ይቻላል።

ከመብረር በፊት መሟላት ያለባቸው

ቦታው ከተገኘ በኋላ የአብራሪው ተራ ነው። በመዝናኛነት የሚያበር ሰው ሁሉ «ትረስት» የሚባለውን የደህንነት ፈተና መውሰድ አለበት። ፈተናው በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ ነጻና 23 ጥያቄዎች ያሉት ነው። የተሳሳቱትን ጥያቄ ምክንያቱን አስረድቶ እንደገና ስለሚያስመልስ የሚወድቅ የለም። መጨረሻ ላይ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት በስልክ ላይ አስቀምጡ፤ ፖሊስ ወይም ኤፍ ኤ ኤ ሲጠይቅ መታየት አለበት። ልጁ ራሱ የሚያበር ከሆነ ፈተናውን ራሱ ልጁ ይወስዳል።

ሁለተኛው ምዝገባ ነው። ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ድሮን በኤፍ ኤ ኤ ድረ ገጽ መመዝገብ አለበት። ክፍያው 5 ዶላር ነው፤ ለ3 ዓመት ያገለግላል፤ በመዝናኛነት ለሚያበር ሰው አንድ ምዝገባ ያሉትን ድሮኖች ሁሉ ይሸፍናል። የሚመዘግበው ሰው 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ላለ ልጅ ወላጅ ይመዘግባል። ቁጥሩ ከድሮኑ ውጪ በሚታይ ቦታ ይለጠፋል። 249 ግራም የሚመዝኑት ትንንሽ ድሮኖች ለመዝናኛ ከሆነ ምዝገባ አያስፈልጋቸውም፤ ይህ ማለት ግን በዲሲ ክበብ ውስጥ ይፈቀዳሉ ማለት አይደለም። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ክልል ለማብረር ያሰበ ሰውም «የተመዘገበና ቁጥር የተለጠፈበት» የሚለውን ሁኔታ አስቦ 5 ዶላሩን ከፍሎ ቢያስመዘግብ ይሻለዋል።

ሦስተኛው «ሪሞት አይዲ» ነው። መመዝገብ ያለበት ድሮን እየበረረ መለያ ቁጥሩን፣ ያለበትን ቦታና ከፍታ በሬዲዮ ሞገድ ማሰራጨት አለበት። ይህ ከማርች 2024 ጀምሮ በተግባር ይጠየቃል። አሠራሩ የተገጠመላቸው ድሮኖች የድሮኑን ብቻ ሳይሆን አብራሪው የቆመበትንም ቦታ ያሳያሉ። «ማን ያየኛል?» የሚለው ሐሳብ ዛሬ አይሠራም።

ለመስጂድ የሚቀረጽ ቪዲዮ «መዝናኛ» አይደለም

ማኅበረሰባችንን በተለይ የሚነካው ነጥብ ይህ ነው። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ለራስ ደስታ ብቻ ለሚያበር ሰው ነው። ለሌላ ዓላማ ሲሆን ሕጉ ይለወጣል።

በኒካሕ ላይ ገንዘብ ተቀብሎ በድሮን የሚቀርጽ ወንድም የመዝናኛ አብራሪ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ብዙዎች የማያውቁት ግን ክፍያ አለመቀበል ብቻውን በረራውን መዝናኛ እንደማያደርገው ነው። ኤፍ ኤ ኤ ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት በበጎ ፈቃድ የሚደረግን በረራ ከመዝናኛ አይቆጥረውም። ስለዚህ የዒድን ሶላት ለመስጂዱ የዩቲዩብ ገጽ ወይም ለመስጂዱ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ቪዲዮ በነጻ የሚቀርጽ ወጣት «ፓርት 107» በሚባለው ደንብ ሥር ይወድቃል። ለዚህ 16 ዓመት የሞላው፣ የጽሑፍ ፈተና ያለፈና የምስክር ወረቀት ያለው መሆን አለበት። ፈተናው 60 ጥያቄዎች አሉት፤ ለማለፍ 70 ከመቶ ያስፈልጋል።

የምስክር ወረቀቱ ቢኖርም ከተሰበሰበ ሕዝብ በላይ ማብረር የራሱ ጥብቅ ሁኔታዎች አሉት። ሰጋጁ ሱጁድ ላይ ሳለ ባትሪው ያለቀ ድሮን ከላይ ቢወድቅ የሚሆነውን ማሰብ በቂ ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎች የዒድ ቀረጻ ከመፍቀዳቸው በፊት አብራሪውን የምስክር ወረቀቱን፣ ለቦታው ደግሞ የኤፍ ኤ ኤ ፈቃዱን መጠየቅ ይገባቸዋል። በ15 ማይሉ ክበብ ውስጥ ከሆኑ በመሬት ላይ ያለ ካሜራ ይበቃል።

የጎረቤት ሐቅ

ድሮን ካሜራ ያለው ዓይን ነው። አጥር የሠራ ሰው አጥሩን የሠራው ላለመታየት ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ድሮንን ሆን ብሎ ወደ ሰው ይዞታ በማስገባት ከመኖሪያ ቤት በ50 ጫማ ርቀት ውስጥ እየቀረበ ሰውን የሚያስፈራራ ወይም የሚያውክ ሰው በወንጀል እንዲጠየቅ ያደርጋል። ሕጉ ባይኖር እንኳ በጓሮዋ ሒጃቧን አውልቃ የተቀመጠች እህት ወይም በመስኮት የሚታይ ቤተሰብ መብት እንዳለው እኛ ከማንም በፊት ልናውቀው የሚገባ ነገር ነው። ድሮኑን ከቤቶች አቅጣጫ አርቃችሁ አብርሩ።

ቅጣቱና ከቅጣቱ በላይ ያለው ጉዳይ

በ2024 በጸደቀው ሕግ መሠረት ኤፍ ኤ ኤ አደገኛ ወይም ያልተፈቀደ በረራ ባደረገ አብራሪ ላይ ለእያንዳንዱ ጥፋት እስከ 75,000 ዶላር የገንዘብ ቅጣት ሊጥል ይችላል። እያወቁ የብሔራዊ መከላከያ የአየር ክልልን መጣስ ደግሞ እስከ 1 ዓመት እስር የሚያስከትል የፌዴራል ወንጀል ነው።

ለስደተኛ ወገን ግን ከገንዘቡ በላይ የሚከብደው መዝገቡ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻ ታስረህ፣ ክስ ቀርቦብህ ወይም የጥፋት ወረቀት ተሰጥቶህ ያውቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ የመጣ የፌዴራል ክስ፣ ለዓመታት ሲጠበቅ በነበረ ቃለ መጠይቅ ላይ ማብራሪያ የሚጠየቅበት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ጥገኝነት የጠየቁ፣ ግሪን ካርድ የሚጠብቁና ለዜግነት የሚያመለክቱ ወገኖች ጥንቃቄያቸው እጥፍ ይሁን። ፖሊስ ካስቆማችሁ ድሮኑን ወዲያው አሳርፉ፤ አትከራከሩ፤ የተሰጣችሁን ወረቀት ሳትጥሉ ለኢሚግሬሽን ጠበቃ አሳዩ።

ታዲያ ልጆቹ የት ያብርሩ?

ልጁ ስጦታውን ይዞ ቤት ይቀመጥ ማለታችን አይደለም። ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው ቤት ውስጥ ነው። የኤፍ ኤ ኤ ደንብ ጣሪያና ግድግዳ ባለው ቤት ውስጥ ያለ በረራን አይመለከትም። ስለዚህ ትንሽ ድሮን በትምህርት ቤት ጂም ወይም በመስጂድ አዳራሽ ውስጥ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ በዲሲ መሐል እንኳ ማብረር ይቻላል። ክረምቱ ሲመጣ ለወጣቶች የድሮን ውድድር ማዘጋጀት ለሚያስቡ መስጂዶች ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ሁለተኛው የክለብ ሜዳ ነው። በ1936 የተመሠረተው የአሜሪካ የሞዴል አውሮፕላን አብራሪዎች ማኅበር (አካዳሚ ኦፍ ሞዴል ኤሮኖቲክስ) በመላ አገሪቱ ክለቦች አሉት። ብዙዎቹ ከካውንቲ ጋር ተስማምተው የሚጠቀሙበት ሜዳ አላቸው፤ ለጀማሪ የሚያስተምሩም አሉ። ኤፍ ኤ ኤ ካጸደቃቸው ሜዳዎች ውስጥ ሪሞት አይዲ የሌለውን ድሮን ማብረርም ይቻላል።

ሦስተኛው ከክበቡ ውጪ መውጣት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰብ ይዞ፣ አስቀድሞ የአየር ካርታውን አይቶ፣ ለፓርኩ ቢሮ ደውሎ፣ ፈተናውን ወስዶ መሄድ። ዝግጅቱ አንድ ምሽት አይፈጅም።

ወደ አገር ቤት ይዛችሁ የምትሄዱ

ድሮኑን ለዒድ ወይም ለሠርግ ወደ ኢትዮጵያ ልትወስዱ ካሰባችሁ ይህ ሁሉ የአሜሪካ ወረቀት እዚያ አያገለግልም። በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትና ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን ቦሌ ላይ በጉምሩክ ይያዛል። ፈቃድ ከሌላችሁ ድሮኑ እዚሁ ቤት ይቆይ።

ለማጠቃለል፣ ድሮኑን ከሳጥኑ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ሰማዩ ክፍት ነው? መሬቱስ ተፈቅዷል? ለሁለቱም «አዎ» የሚል መልስ ካላገኛችሁ ዛሬ አይነሳ። ይህን ጽሑፍ ለልጆቻቸው ድሮን ለገዙና ለመግዛት ላሰቡ ወገኖች አድርሱ። ኢንሻአላህ አንድን ቤተሰብ ከማያስፈልግ ጣጣ ያድናል።